የአባቴ ዱዓ ከሰርጉ ፊልም የጠፋ መስሎኝ

ዛሬ ሆጤ ሰፈር አንድ ቪዲዮ ቤት ቁጭ ብዬ ሰው ሳላፍር አለቀስኩላችሁ!

የልጄን የሰሚራን የሰርግ ዲቪዲ ልወስድ ነበር የሄድኩት። አቀናባሪው ሰይድ ሊገለብጠው ሲከፍተው ፊልሙ በሙሉ ጥቁር ሆነ። ኮምፒዩተሩ "ፋይሉ አልተገኘም" ብቻ ነው የሚለው።

አባቴ ሰርጉ ባለፈ በሁለተኛው ወር ነው ወደ አኼራ የሄዱት፣ አላህ ይዘንላቸው። ድምፃቸው የቀረልን እዚያ ፊልም ላይ ሙሽሮቹን ዱዓ ሲያደርጉ ብቻ ነው።

"ሰይዶ፣ አጠፋኸው አይደል?" አልኩት።

"ወላሂ አልነካሁም!" አለና ትንሽ አሰብ አድርጎ ዞር ብሎ አየኝ። "እትዬ ዘሃራ፣ ባለፈው የፎልደሩን ስም ቀይር ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?"

ወይ ጉዴ! እኔው ነኝ ለካ። "የሰሚራ ሰርግ" የሚል ጽፎበት አየሁና፣ የኮምቦልቻ አማቾቻችን ፊልሙን ሊያዩ ሲመጡ ቅር እንዳይላቸው "የልጃቸው ስም ይቅደም" ብዬ አስቀይሬው ነበር። ፕሮግራሙ ደግሞ ፋይሎቹን የሚፈልገው በድሮው ስም ነው አሉ። ይሉኝታ አያውቅም!

"አብሽሩ፣ አይዞዎት እትዬ" ብሎ የድሮውን ስም መለሰና እንደገና ከፈተው።

አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ብቅ አሉ። "አሚን በሉ እንጂ!" ሲሉ፣ ፎቶ ሊነሱ ተራ የሚጠብቁት ሳይቀሩ ቪዲዮ ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። አልሃምዱሊላህ! ሦስት ኮፒ አስወጥቼ ነው የወጣሁት።

እናንተስ፣ ሰው እንዳይቀየም ብላችሁ ጉድ የሠራችሁበት ቀን የለም? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልፈር።