ሻንጣ የገባው አሞክሳሲሊን

ከአራት ዓመት በኋላ አገር ቤት ለእረፍት ልገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ የፊት ጥርሴን አመመኝ። ሌላ ጥርስ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ይሄኛው ግን ስስቅ ቀድሞ የሚታየው ነው፤ እኔ ደግሞ ሳልስቅ መዋል አልችልም። ሁለት ቀን ቅርንፉድ ነክሼ ቻልኩት። በሦስተኛው ቀን፣ ዐረብ አገር፣ አል ገራፋ ቤቷ የምሠራላት ማዳም ፊቴን አይታ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ጨዋታ የሚወድ ሱዳናዊ ነበር። በመርፌ አደንዝዞ ጥርሱን ከፍቶ አጠበልኝ። ለሕመሙ ፓናዶል፣ ለመመረዙ አሞክሳሲሊን ሰጠኝ፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን። ቢሻለኝም እንዳላቋርጥ አስጠነቀቀኝ።

በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ። ለዳነ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል? ቀይና ቢጫ እንክብሎቹን ሳያቸው ጥርሷን የሚያማት እናቴ ትዝ አለችኝ። ከዐረብ አገር የመጣ መድኃኒት እኛ ሰፈር ከሽቶ በላይ ይከበራል። የቀሩትን ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ፣ ለስጦታ ከገዛሁት ብርድ ልብስ ሥር ወሸቅኳቸው። እናቷን የማትረሳ ልጅ በመሆኔም ኮራሁ።

በሳምንቱ ከንፈሬ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሎ ነቃሁ።

ሐኪሙ መድኃኒቱን ጨርሼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ማዳም አጠገቤ ቆማለች፤ አፈርኩ። እኔ የማርያም ልጅ፣ "ወላሂ፣ ኸላስ፣ ጨርሻለሁ" ብዬ ማልኩ። ሐኪሙ አዘነ። ያን ሁሉ ወስጄ እንዲህ ካበጠ መንቀል ሳይሻል አይቀርም አለና መርፌውን ማዘጋጀት ጀመረ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ውሸት ግን ማደርም አላስፈለገው።

"ዶክተር፣ ሻንጣዬ ውስጥ ነው" አልኩ።

"ለማን?"

"ለእናቴ።"

ከት ብሎ ሳቀ። ማዳም ኮስተር ለማለት ሞክራ አቃታት። አዲስ መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ እስኪያልቅ ድረስ ማዳም ፊቴ ቆማ፣ ምላሴን ሳይቀር እያስወጣች አስዋጠችኝ። እብጠቱ ሲጎድል ሐኪሙ የጥርሱን ሥር አክሞ ሞላልኝ። ጥርሴ ተረፈ።

አገር ቤት ስደርስ ከደጅ ጀምሬ ሳቅኩ። እናቴን አገላብጬ ስሜ የጥርሴን ጣጣ አወራኋት። ሻንጣው ውስጥ የነበረውን ገና ሳልነግራት ብድግ ብላ ጓዳ ገባችና ትንሽ ቋጠሮ አምጥታ እጄ ላይ አኖረች። ፈታሁት። ቀይና ቢጫ እንክብሎች።

"ጤና ጣቢያ ለጥርሴ ሰጥተውኝ ሁለት ቀን ስወስደው ተሻለኝ" አለችኝ። "የቀረውን ለአንቺ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።"