«ኹሉ አለ»

አጎቴ በሀርጌሳው ዋሄን ገበያ የሱቃቸው በር ላይ «ኹሉ አለ» ብለው አስጽፈው ነበር። «ሁሉ» ድሮ እንደዚያ ይጻፍ ነበር። ያገራችን ሰው ባለፈ ቁጥር «ጋሼ፣ ፊደሉ ተሳስቷል!» ብሎ ይገባል፤ እሳቸው የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው።

«ቁጭ በል! በግዕዝ ‹ኵሉ› ነው፤ ያው ሁሉ ማለት ነው። የድሮ ጸሐፊዎች ‹ኹሉ› ያሉት፣ ድምፁ ቢላላም ከየት እንደመጣ እንዲታይ ነው» ይሉታል። ሊያርም የገባው ሰው ሳሙናና በርበሬ ገዝቶ ይወጣል። ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ ሀርጌሳ ውስጥ አላየሁም።

ካረፉ በኋላ ቀለሙ ስለለቀቀ ሰሌዳ ጻፊ አመጣሁ። «በአሁኑ ፊደል ላድርገው?» አለኝ። አመነታሁ፤ እንደሳቸው ማስረዳት ካቃተኝ የሚቀረው ስህተቱ ብቻ ነው። ግን «እንደነበረው ጻፈው» አልኩት።

ትናንት ቀለሙ ሳይደርቅ አንድ ግንበኛ ገባ። «ወንድሜ፣ ተሳስተሃል!»

ደስታዬን አትጠይቁኝ! በአጎቴ ወንበር አስቀምጬው ከግዕዙ ጀምሬ አንድም ሳላስቀር አስረዳሁት። ሰውየው ተገርሞ «ማን አስተማረህ?» አለኝ።

«እሳቸው ናቸዋ!» ብዬ ወደተቀመጠበት ወንበር ጠቆምኩ። ግንበኛው ፎቶ የተሰቀለ መስሎት ዞሮ ከኋላው ያለውን ባዶ ግድግዳ አየ።