የበረንዳችን ከርከዴ

ልጅ እያለሁ ግሌንዴል ከተማ፣ አፓርታማ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው። በረንዳችን ላይ፣ አሮጌ የቀለም ባልዲ ውስጥ እናቴ ከርከዴ ተክላ ነበር። ሱዳን በስደት ሳለች የለመደችው ነው። ጉንፋን ሲይዘን ደረቁን ከርከዴ በቅርንፉድ አፍልታ ታጠጣን ነበር፤ በጾም ደግሞ ቀዝቃዛውን በስኳር። ከንፈራችን እንደቀላ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ግን ያ ሁሉ ከሱቅ የተገዛ ነው። የበረንዳውማ ቅጠል እንጂ አበባ አያውቅም።

ከዚያ ታላቅ ወንድሜ ናሆም ታመመ። መድኃኒቱ የአፉን ጣዕም ገደለው። ፒዛውንም ወጡንም «ካርቶን ነው» ይላል። የሚቀምሰው ኮምጣጣ ብቻ ስለሆነ የከርከዴውን ቅጠል እየበጠሰ ያኝክ ነበር።

«ቅጠሉ ምን አለው፣ ፍሬውን እርጥቡን ብትቀምሰው» አለችው እናቴ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍሬውን ካልበላሁ አለ።

ለምን እንደማያብብ ስልኩ ላይ አንብቦ የደረሰበት እሱ ነው። ከርከዴ ለማበብ ረጅም ጨለማ ይፈልጋል። የፓርኪንጉ መብራት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በረንዳችን ላይ ነው። እናቴ ከሥራ ስትመጣ፣ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ፣ ተክሉን በጥቁር የቆሻሻ ፌስታል ትሸፍናለች። ጠዋት እኔ እገልጣለሁ።

«አስተኛሽው?» ይላታል ናሆም ከሶፋው።

«አዎ። እሱ ካንተ ይሻላል፣ አይነጫነጭም።»

በመጨረሻ ከርከዴው አበበ። መሃሉ የቀላ ፈዛዛ ቢጫ፤ በቀኑ ይረግፋል። ከአበባው ሥር ያለው ቀይ ሽፋን ነው የሚበላው፤ እሱ እስኪወፍር ገና ሳምንታት ይቀሩት ነበር። ናሆም ደግሞ ውሃ መዋጥ እንኳ እየከበደው ነው። ውርጭ ሲመጣ ባልዲውን ሳሎን አስገባነው። አንድ ጠዋት እናቴ ቆማ አየችውና መልቀም ጀመረች።

«አልደረሰም እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም።

አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። ጥርሴን አጠረሰው፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ናሆም ቀስ ብሎ አኘከ። ፊቱ እንደ እኔ አልተጨማደደም። አፉ ውስጥ ውሃ ብቻ የያዘ ነው የሚመስለው።

«ይኮመጥጣል» አላት። «ልክ እንዳልሽው ነው፣ እማ።»

እሷ ፊቱን አይታ ነበር። «ጎሽ፣ የኔ ጌታ» አለችው። በዚያው ሳምንት አረፈ።

ያኔ መሬት አልነበረንም። አሁን ሴንቴኒያል በገዛነው ቤት ሰፊ ጓሮ አለን፤ ጎረቤቶቻችን ቲማቲም ይተክላሉ። እናቴ ሣር ብቻ አስነጠፈችበት። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ አጭደዋለሁ። ናሆምን በዕድሜ አልፌዋለሁ። እሷ ግን በመስኮት ስትጠራኝ አሁንም «ትንሹ» ነው የምትለኝ፣ ትልቁ ያለ ይመስል።