ሁለቴ የመሸበት ቀን

ትናንት ዲላ ላይ ዝናብ ሲያስፈራራ ጎረቤቴ ግቢዋ ውስጥ ባሰጣችው ቡና ላይ ላስቲክ ጎተተች። ላስቲኩ ሲንሿሿ እትዬ አማረች ፊቴ መጥታ ድቅን አለች።

እትዬ አማረች ልጅ ሆኜ ገጠር ዱመርሶ ሳለን ጎረቤታችን ነበረች፤ ከእናቴ ጋር አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠሩ ነበር። አመሻሽ ላይ ሴቶቹ ከእንጨትና ከሽቦ በተሠራው ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ጤዛ እንዳያገኘው ይሸፍኑታል። እሷ የመጨረሻውን ላስቲክ አልብሳ ከጣቢያው ጀርባ ወዳለው እንሰት ትዞርና ልጇን ትጣራለች።

«በራሶ! መሸ እኮ፣ ና ግባ!»

በራሶ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደወጣ ድምፁ የጠፋ ጎረምሳ ነው። ሞቷል ብላ እንዳታለቅስ የነገራት የለም፤ አለ ብላ እንዳትጽናና አልደወለም። አንጀቷን የሚበላት ይኸው አለማወቅ ነበር። እኛ ልጆች መጀመሪያ እንስቅባት ነበር፤ ኋላ ጥሪዋ የመግቢያ ሰዓታችን ሆነ።

አንድ ዓመት የፀሐይ ግርዶሽ ሊሆን ሲል መምህራችን «ወደ ደቡብ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች፤ እኛ ጋ ቀጭን ጠርዝ ይቀራል። ጨረቃ መሃል ገብታ ነው፣ አትፍሩ» ብሎን ነበር። የዚያን ዕለት ከሰዓት እናቴ ጋ ጣቢያው ነበርኩ። መጀመሪያ የተለወጠው መሬቱ ነው። በዛፎቹ ቅጠል መሃል የሚሾልከው ብርሃን ሁሉ የማጭድ ቅርጽ ያዘ፤ ላስቲኩ ላይ፣ እጃችን ላይ ሳይቀር። ከዚያ ብርዱ መጣ። ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ወጡ፣ ወፎቹ ዝም አሉ። ሴቶቹም ማንም ሳያዛቸው፣ እጃቸው ስለለመደው ብቻ፣ ተነስተው ቡናውን ሸፈኑ። እትዬ አማረችም ወደ እንሰቱ ዞረች።

«በራሶ! መሸ እኮ፣ ና ግባ!»

«አቤት!» አለ አንድ ድምፅ ከእንሰቱ ውስጥ።

የጎረምሳ ድምፅ ነበር፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናቴ ትከሻዬን ጨምድዳ ያዘችኝ። ብርሃኑ ሲመለስ ወንዶቹ ገብተው እንሰቱን አሰሱት፤ ሰው ቀርቶ ኮቴ አላገኙም። እኛም ቡናውን መልሰን ገለጥነው።

ፀሐይ በደንቧ ስትጠልቅ ቡናው ዳግም ተሸፈነ። እትዬ አማረች ግን አልተጣራችም። በማግስቱ የእድሩን ዳኛ «ልጄ ገብቷል። ድንኳን ትከሉልኝ» አለችው። መርዶ የለ፣ ሬሳ የለ፤ ሆኖም ተተከለላት። ያን ሁሉ ጊዜ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። የሰፈራችን ወንጌላዊ ግርዶሹን የዘመን መጨረሻ ምልክት ነው ሲል ሰንብቷል፤ እሷ የልጇ መግቢያ እንደሆነ አልተጠራጠረችም።

አሁን እሷም አርፋለች፤ እኔም ወልጃለሁ። ሲመሽ በር ላይ ቆሜ ልጄን እጣራለሁ። «አቤት!» ትለኛለች። ድምፁ ብቻ አይበቃኝም። ወጥቼ እጇን ይዤ አስገባታለሁ።