በጎረቤቴ አቮካዶ ሥር ያፈሰስኩት

የልጅ ልጆቼ የአቮካዶ ዘር አጥበው መጡና «እማዬ፣ እንዴት እንደሚተከል ንገሪን» አሉኝ። ቀላል ነው። ሹሉን ወደ ላይ አድርጉ፣ ግማሹ ከአፈር በላይ ይሁን፣ ውሃ አይቋጠርበት፣ ቡቃያውን ከጥቅምት ውርጭ ሸፍኑት። ከዚያ በቃ፣ ሰባት ስምንት ዓመት መታገሥ ነው። ይህን ነገርኳቸው። የቀረው ከአፌ አልወጣም፤ በስተርጅና በለቀምኩት ፊደል እዚህ ላስቀምጠው።

ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ሱቅ ያላት ሙስሊም ጎረቤት ነበረችኝ። እሷም በግቢዋ፣ እኔም በግቢዬ አቮካዶ ነበረን። የኔ ዘር ከገበያ የተገዛ፣ የሷ ደግሞ ዘመድ ከደቡብ ያመጣላት ነው። የኔ ያኔ በየዓመቱ ያፈራ ነበር። የሷ ግን አጥሩን ተሻግሮ በርበሬ የማሰጣበትን ቦታ አጠላብኝ።

«ቅርንጫፉን ቁረጪልኝ» ስላት ትስቃለች።

«እትዬ፣ በርበሬዎ ከዛፌ ጋር ተጣላ እንዴ? እሺ፣ ፍሬው ይለፍ።»

ፍሬው አለፈ፤ አልቆረጠችም። አንድ ቀን ሱቋ ስትውል በአጥሩ ቀዳዳ ላምባ አፈሰስኩ። ደገምኩ፣ ሠለስኩ። ቅርንጫፉ ብቻ ይደርቃል ብዬ ነው እንዳልል፣ ያፈሰስኩት ሥሩ ላይ ነው።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር እንባዋን በሻሿ እየጠረገች መጣች።

«ዓይን በላው፣ እትዬ! ቁስቋም ሲወጡ ጸበል ያምጡልኝ። ፈጣሪ እንደሆነ አንድ ነው።»

«እሺ የኔ እህት» አልኳት።

ጸበሉን በጀሪካን ይዤ ስመጣ «እርስዎ ያፍስሱት፣ እጅዎ የተባረከ ነው» አለችኝ። በዚያው እጄ፣ በዚያው ሥር አፈሰስኩት። አፈሩ ሲርስ የላምባው ሽታ ተነሣ። ቀና ብላ አየችኝ።

ዛፉ ደረቀ። አስቆረጠችውና ግማሹን እንጨት ወደኔ ላከች። ላመሰግናት ብሄድ «በርበሬዎ ፀሐይ አገኘ» ብላ ሚዛኗን መጥረግ ቀጠለች። አውቃ ይሁን ሳታውቅ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ቆይታ ወደ ሸጎሌ ቤት ቀየረች። ዕቃዋ ሲጫን ልነግራት አጠገቧ ቆምኩ። አፌን ከፍቼ ያወጣሁት «ብርድ አለ፣ ጋቢ ደርቢ» የሚል ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ የኔ ዛፍ ያብባል፣ አበባውን ያራግፋል፤ ፍሬ የለም። ፋንድያ ሰጠሁት፣ አመድ ሰጠሁት። እርግማኗ ነው እያልኩ ዓመታት ቆየሁ፤ ሰው በድዬ ደግሞ እሷኑ ማማት!

በኋላ የልጅ ልጆቼ አንድ የእጽዋት ማዕከል ሊያሳዩኝ ወሰዱኝና እዚያ የሚሠራ አንድ ሰው ዛፌ ለምን እንደማያፈራ ጠየቅሁ። የአቮካዶ አበባ፣ አለኝ፣ ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈተው፤ መጀመሪያ ሴት ሆኖ፣ በማግሥቱ ወንድ ሆኖ። ደህና አድርጎ እንዲያፈራ፣ እሱ ሴት ሲሆን ወንድ የሚሆን ሌላ ዓይነት አቮካዶ በአቅራቢያው መኖር አለበት፤ ንብ ናት የምታገናኛቸው።

የኔ ዛፍ ባል ከአጥሩ ወዲያ የነበረው ነው።