መምህሩ፣ ጠመኔውና የቆምንበት ቆጠራ

የተያዝሁት ጢሜ በግማሽ ተላጭቶ ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ጸጉር ቤት ወንበር ላይ፣ ነጭ ጨርቅ አንገቴ ላይ እንደታሰረ ሁለት ሰዎች ገቡና በመስታወቱ ውስጥ እያዩኝ ስሜን ጠሩ። ጸጉር ቆራጩ ምላጩን እንደያዘ ወደ ግድግዳው ሸሸ። «የግራ ጉንጬን ይጨርስልኝና እንሂድ» አልኋቸው። አልሳቁም። እኔም የሚያስቅ ሆኖ አልታየኝም፤ ግን አፌ ከእኔ ቀድሞ መውጣት የለመደው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፣ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ማን ያርመዋል።

ጥፋቴ አንዲት ገጽ ናት። ፍርድ ቤቱ አጠገብ ጃንጥላ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ከቡሬ ዙሪያ የመጣች አንዲት እናት «የተያዘው ልጄ ያለበት ይነገረኝ ብለው ይጻፉልኝ» አለችኝ፤ ጻፍሁላት። የእጅ ጽሑፌን ማማር ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ስኮራበት ኖሬያለሁ። ጸሐፊውን ፈልገው ለማግኘት ሰዎቹም አልተቸገሩም።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የደረሰኝ የነቀዘ በቆሎ ሽታ ነበር፤ ቀጥሎ የሰው፣ ቀጥሎ የሽንት ባልዲው። ስልሳ ያህል ሰው ሲሚንቶው ላይ ባዶ ማዳበሪያ አንጥፎ ተቀምጧል። መስኮት የለም። ከጣሪያው ሥር ቆርቆሮው በተነቀለበት በኩል ክንድ የምታህል ብርሃን ትገባለች። ሁሉም ቀና ብሎ ጢሜን አየ። የሳቀ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከሊበን ገበያ የተያዘ፣ እጁ እንደ አካፋ የሰፋ ገበሬ።

«አባባ፣ እርስዎን ደግሞ ሳይጨርሱዎት ነው ያመጡዎት?» አለኝ። ማዳበሪያውን ሰብስቦም ቦታ ሰጠኝ።

«እኔም ሳልጨርስ ነው» አለ በሌላው ጎኔ ያለው ሰው፣ ቀስ ብሎ። ነጭ ጋዋን ለብሷል። ቡሬ ላይ እንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ አርባ ያልሞላው መምህር ነው። በዚያው ጠዋት ከክፍል ነው ያወጡት፣ ጠመኔው በእጁ እንዳለ። ጋዋኑን ያዩ ሁለት እስረኞች ሐኪም መስሏቸው ሆዳቸውን ገልጠው አሳይተውታል አሉ።

«ምኑን ነው ያልጨረስኸው?» አልሁት።

«አራት ግስ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሁለቱን አስረዳሁ። ሁለቱ ቀሩ።»

ቤቱ ቀርቶ፣ ሚስቱ ቀርታ፣ ሁለት ግስ ቀረብኝ ብሎ የሚያዝን ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው። «ነገ ሌላ ሰው ይጨርስላቸዋል» አልሁት ላጽናናው። «ማን?» አለኝ።

በማግሥቱ ከጠዋቱ ቆጠራ በኋላ ጠመኔውን ከኪሱ አወጣና ሲሚንቶው ላይ ጻፈ። ሥራ የሚባል ነገር አልነበረንምና ከበብነው። እኔ እንግሊዝኛን የተውኋት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ተስማምተን ነው የተለያየን።

«ነገሩ ሰው ራሱ ሳይሠራ ሌላውን ሲያሠራ ነው» አለ። «እኛ አማርኛ ላይ ከግሱ ፊት አንዲት ‹አስ› ቀጥለን እናልፋለን። አስቆረጠ፣ አስጻፈ፣ አስላጨ። በግድ ይሁን በልመና፣ በትእዛዝ ይሁን በፈቃድ ‹አስ› አትናገርም። እንግሊዝኛ ግን ይጠይቃል፤ እንዴት አድርገህ ነው ያሠራኸው ይላል።»

አራቱንም አሳየን። «ሜክ» ሰውየው ሲገደድ ነው። «ሌት» ሲፈቀድለት ነው። «ሄቭ» ሥራው የሆነውን ሰው ሲያዙት ነው። «አባባ ጢማቸውን አስላጩ የምንለው በ‹ሄቭ› ነው» አለና ጉንጬን አየት አደረገ፤ «ግማሹን»። መጋዘኑ ሳቀ። «ጌት» ደግሞ ተለምኖ፣ ተባብሎ እሺ ሲል ነው። እሷ ሰውየውን ከጠራች በኋላ «ቱ» የምትባል ትንሽ ቃል ታስገባለች።

«ለምን እሷ ብቻ?» አልሁት።

«ልመና ረጅም ስለሆነ ይሆናል አባባ። መጽሐፉ ላይ ግን እንዲህ አልተጻፈም፣ እንዳይጠቅሱኝ።»

ገበሬው ራሱን እያከከ ሲያስብ ቆየ። «መምህር፣ እኔ በሬዎቼን የማሠራቸው በየትኛው ነው?»

«በ‹ሜክ› ነዋ። ጅራፍ የለም?»

«ለቀኙ አዎ። ግራው ግን ከተመታ ይተኛል። እሱን ኧረ ወንድሜ፣ ኧረ በሞቴ እያልሁ ነው።»

«እንግዲያው ቀኙ በ‹ሜክ›፣ ግራው በ‹ጌት›።»

«በአንድ ቀንበር?»

«በአንድ ቀንበር።»

ገበሬው ይህን ለብቻው ሲደጋግመው ዋለ። እኔ ግን ተማሪነቴ ለራሴም አሳፋሪ ነበር። መምህሩ እየዞረ ሲጠይቅ «ሜክ» ላይ «ቱ»ን እጨምራለሁ፣ «ጌት» ላይ እረሳታለሁ። በመጨረሻ መዳፌ ላይ በጠመኔ ጽፌ ሳይ ያዘኝ።

«አባባ! እስር ቤት ውስጥም ይኮረጃል?»

«ሌላ የት ልኮርጅ ልጄ? ውጭ ሳለሁ ፈተና አልነበረብኝም።»

ውኃ አጠጣጡን ያስተዋልሁት በዚያው ቀን ነው። ድርሻችን ለሰው ሁለት ኩባያ ነበር። እሱ የራሱን ጨርሶ ጀሪካኑን ያያል፣ ዐይኑን ይመልሳል፣ ደግሞ ያያል። ኩባያዬን ሰጠሁት።

«ስኳር አለብኝ» አለኝ። «በመርፌ ነው የምኖረው። ከተያዝሁ አልተወጋሁም።» ይህን ሲነግረኝ የግሶቹን ልዩነት ያስረዳበትን ያህል እንኳ አልተጨነቀበትም።

ሚስቱ በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ ከቡሬ ደረሰች። ምግቡ ገባ። መድኃኒቱ ግን በረዶ በተሞላ ፔርሙስ ውስጥ እንዳለ የውጭው በር ላይ ቀረ። መርፌ ስለት ነው፣ አይገባም ተባለ። እሱ ከተኛበት እስከዚያ በር መቶ እርምጃ አይሞላም። እንጀራውን ለእኛ አከፋፈለው፤ ያለ መርፌ ቢበላው ይብስበታል። ሚስቱ በየቀኑ ፔርሙሱን ይዛ መመላለስ ጀመረች።

ያኔ ጉራዬ ተነሣ። ይህን ሁሉ ዘመን ማመልከቻ ጽፌ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል አልሁ። የብስኩት ካርቶን ቀድጄ፣ እስክሪብቶ ተውሼ፣ ከላይ «ጉዳዩ፦ መድኃኒት እንዲገባ ስለመጠየቅ» ብዬ ጻፍሁ። «በታላቅ ትሕትና» የሚለውን ሁለት ቦታ አስገባሁ። መልስ የለም። ሁለተኛ ጻፍሁ። ሦስተኛውን አንድ ጠባቂ መለሰልኝ። «ቀን አልተጻፈበትም» አለ። እውነቱን ነው፤ ቀኑን አላውቀውም ነበር።

በአምስተኛው ቀን መምህሩ ማስተማር ተወ። ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ። ትንፋሹ ዳገት ሮጦ እንደመጣ ሰው ይረዝማል፣ አፉ የበሰበሰ ፍሬ ፍሬ ይሸታል። ውኃችንን አዋጥተን እናጠጣዋለን፣ መልሶ ያወጣዋል። ሲጠሩት ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ይዘገያል።

«ትምህርቱን ይጠይቁት አባባ» አለኝ ገበሬው፣ «እንዳይተኛ።»

ጆሮው ላይ ተጠግቼ «‹ጌት› ማንን ታስገባለች?» አልሁት። ዐይኑን ሳይገልጥ «ቱ» አለ። ከሰዓት በኋላ ደግሜ ጠየቅሁት። አልመለሰልኝም።

የአመሻሹ ቆጠራ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። አምስት አምስት ሆነን መሬት ቁጭ እንላለን፣ እጅ ራስ ላይ። ሁሉም ተቀምጦ ካልተቆጠረ ቆጣሪው ወረቀቱ ላይ አይፈርምም፤ ካልፈረመ ተረኛው አስረክቦ ወደ ቤቱ አይሄድም። ያን ቀን ጋቢዬን በወጉ ደረብሁ፣ ለሽምግልና ሰው ቤት እንደሚሄድ ሽማግሌ። እናም ቆምሁ። ገበሬው አየኝ፤ ገባውና ከጎኔ ተነሣ። ከኋላው ረድፍ አንድ ቄስ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ሦስተኛ ሆኑ።

በእኛ አገር ሽማግሌ ሊለምን ሰው ቤት ሲገባ አይቀመጥም። ባለቤቱ ተቀመጡ ይላል፤ ሽማግሌው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይላል። ባለቤቱ እሺ ሲል ያን ጊዜ ይቀመጣሉ። ከተቀመጡ ደግሞ ቃል ተሰጥቷል፣ ነገሩ አልቋል። ይህን የማያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

«ቁጭ በል፣ አንተ ሽማግሌ!» አለ ወጣቱ ጠባቂ።

«ለመቀመጥ አልመጣንም ልጄ።»

ጉልበቴን በዱላ አለኝ። ያ ጉልበት እንኳን ዱላ ቅዳሴም አይችል፤ ወደቅሁ። ገበሬው በብብቴ ይዞ አቆመኝ። ደግሞ መታኝ፣ ደግሞ አቆመኝ። ሦስተኛውን ሳይመታኝ፣ ደክሞት ይሁን አፍሮ እንጃ፣ ዱላውን ይዞ አለቃውን ሊጠራ ሄደ።

አለቃው ዐይኑ የቀላ፣ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሦስታችንን አየን። ጋቢዬን አየ። እንደገባው ከፊቱ ታወቀኝ።

«ተቀመጡ» አለ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«የማን ቤት መሰላችሁ ይሄ?»

«የእርስዎ ነዋ ጌታው። እኛማ ምን ቤት አለን?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ዋጠ። አለቃው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«መድኃኒቱ በር ላይ ነው» አሉ ቄሱ። «ሰውየው እዚህ ነው። ሌላ ጉዳይ የለንም።»

አለቃው መምህሩን ተመለከተው። ብርሃኗ ግድግዳውን ይዛ ወጣችና ጣሪያው ሥር ጠፋች። ገበሬው ብብቴን አልለቀቀም። ተረኞቹ በር ላይ እግራቸውን ይቀያይራሉ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «እሺ አባቶቼ። ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። ቆጠሩን። ፈረሙ። በሩ ተዘጋ።

መድኃኒቱ አልመጣም።

መጀመሪያ ሊያመጣ ሄዶ ነው ብለን ጠበቅን። ገበሬው በበሩ ስንጥቅ እያየ «እሺ ብሏል» ይላል። እኔም «እሺ ብሏል» እላለሁ። ሌሊቱን አልጽፈውም።

ጠዋት በሩ ሲከፈት ለቆጠራ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። አልተማከርንም፤ ተነሡ ያለም የለም። መጋዘኑ በሙሉ ቆሟል። ጠባቂው በሩን ይዞ ደረቀ። ቁጭ በሉ ብሎ ጮኸ፣ ወጣ፣ ሌሎችን ይዞ ተመለሰ። በዱላ አንዳንዱን መቱ። የወደቀው ይነሣል። ማንም ምንም አልለመነም። የሚለመን ሰው አልቆ ነበር። አለቃው በዚያ ጠዋት አልመጣም።

ረፋድ ላይ አራት ሰዎች ገቡና መምህሩን በማዳበሪያ ላይ አድርገው ተሸከሙት። ገበሬው ጋዋኑን አጥፎ ከራሱ ሥር አደረገለት። ትንፋሹ ይሰማ ነበር። በሩን አልፎ እስኪወጣ ማንም አልተቀመጠም። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ማንም ሳያዝዘን፣ ተቀመጥን።

ሆስፒታል በገባ በሁለተኛው ቀን ማረፉን አዲስ የመጣ እስረኛ ነገረን። እኔ ከወራት በኋላ ተፈታሁ። መጀመሪያ የሄድሁት ቡሬ ነው፣ ለቅሶ ለመድረስ። ሚስቱ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ በሬዎቹ፣ ስለ መኮረጄ ስነግራት ፈገግ አለች። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ አፌ ግን እንደ ልማዱ ቀደመኝ።

«ቶሎ ተቀመጥሁ ልጄ» አልኋት። «ጉልበቴን አሞኝ ነበር። እሺ ሲለን ደስ አለኝ። መድኃኒቱ በእጁ እስኪገባ መቆም ነበረብኝ።»

ከደጅ የባጃጅ ድምፅ መጥቶ አለፈ።

«እኔንም በሩ ላይ ቁጭ በይ፣ እንጠራሻለን ብለውኝ ነበር» አለች። «እስኪመሽ ፔርሙሱን አቅፌ ቁጭ ብዬ ነበር አባባ።»

ዛሬም ከጃንጥላዬ ሥር ነኝ። ጢሜን ሙሉ በሙሉ እላጫለሁ፤ እንግሊዝኛዬ ከአራት ግስ አላለፈም። አለቃው ምናልባት የሚለምነው የበላይ ኖሮት፣ ሄዶ ለምኖ እንቢ ተብሎ ይሆናል። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፣ አንዳንድ ቀንም አምነዋለሁ። በዱላ የመታኝን ልጅ ግን መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም እለዋለሁ፤ እሱን ይቅር ካልሁት ቆየሁ። እሺ ያለኝን ገና ነኝ።