«ይስማማሉ ወይ?» ይሉ የነበሩት አጎቴ

ሰበታ ላይ ያሳደጉኝ አጎቴ ሁለት ነገር ሲገናኝ ባዩ ቁጥር «ይስማማሉ ወይ?» የሚሉ ሰው ነበሩ፤ ስለ ሙሽሮችም፣ ስለ በሬዎችም።

የድሮ የሳንባ ነቀርሳቸው በተወው ጠባሳ ውስጥ ፈንገስ ተገኘና ሐኪሙ ለፈንገሱ አስቀድሞ በሰጣቸው መድኃኒት ላይ ሁለተኛ ጨመረላቸው። እሳቸውም ያንኑ ጠየቁት።

«ኦቦ፣ አንዳንዴ ይረዳዳሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ አንዱ የሌላውን ኃይል ያዳክማል። በሳምንቱ ይምጡና ደምዎን አይተን እንወስናለን» አላቸው።

በሳምንቱ ግን በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ በተነሣው ተቃውሞ መንገዱ ተዘጋ። አስፋልቱ ላይ ጎማ ይቃጠላል፤ ታክሲ የለም፤ የሐኪሙም ስልክ አይሠራም። ሳላቸው ባሰ።

«ጋሼ፣ አንዱን ይተዉት ይሆን?» አልኳቸው።

«የትኛውን?» አሉኝ።

እኔም አላወቅሁም። ሁለቱንም ዋጡ። መንገዱ ሳይከፈት አረፉ።

በኋላ ሐኪሙን አግኝቼ መድኃኒቶቹ ተጣልተው እንደሆነ ጠየቅሁት። «ያለ ምርመራ ማወቅ አይቻልም፤ በሽታው ራሱም ሊሆን ይችላል» አለኝ። ለቀስተኛው ሁሉ «ምን ገደላቸው?» ይለኛል፤ ምን ብዬ ልመልስ?

አልጋቸውን አንጥፌዋለሁ። ራስጌው ላይ የቀሩትን ክኒኖች ግን መጣልም ማስቀመጥም አቅቶኝ፣ በገባሁ ቁጥር ቆሜ አያቸዋለሁ።